የሙያ ጉባኤ አዘገጃጀት፦ ቀን ከመቁረጥ እስከ ማግስቱ

ነርሶች፣ መምህራን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በየኩፓት ሆሊሙና በየትምህርት ቤቱ የሚሠሩ አገናኞች (መጋሽሪም) «አንድ ከነስ ልናዘጋጅ ነው፤ ከምን እንጀምር?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ከምደግም፣ ያየሁትንና የተማርኩትን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ለ50 ሰውም ለ300 ሰውም ይሠራል።

በመጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ መምህር ሳለሁ፣ ስለ ወላጆችና ስለ ትምህርት ቤት በተጠራ የጥናት ቀን ላይ መድረክ እንድመራ ተጋበዝኩ። አራት ባለሙያዎች በዕብራይስጥ ስለ «ኢትዮጵያዊው ወላጅ» ይናገራሉ። ወላጆቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አስተርጓሚው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደከመውና ከአራት ዓረፍተ ነገር አንዱን ብቻ ማድረስ ጀመረ። በዕረፍቱ ጊዜ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ስለ ማን ነው እንዲህ የሚያወሩት?» አሉኝ። «ስለ እርስዎ ነው» ማለት አፈርኩ። መድረኩን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ አስቁሜ እንዲተረጎም ማድረግ እችል ነበር። አላደረግሁትም።

ቆይቼ ሳስበው፣ ነገሩ የተበላሸው ገና ከወራት በፊት ነበር፤ በጀት ሲያዝ፣ ቀን ሲቆረጥ፣ ተናጋሪ ሲመረጥ። በጉባኤ ማን እንደሚሰማና ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ያኔ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ዕለቱ ከሚያወራው ይልቅ ከዕለቱ በፊት ስላለው የሚያወራው ይበዛል።

1. ጉባኤው ለምንና ለማን ነው?

ቀንና አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፦ በጉባኤው ማግስት ማን ምን አዲስ ነገር ይሠራል? «ግንዛቤ ለማስጨበጥ» የሚለው መልስ አይበቃም። ለምሳሌ የነርሶች ጉባኤ ከሆነ «የስኳር ሕመም ላለባቸው አዛውንቶች የኢንሱሊን አወሳሰድን በአማርኛና በትግርኛ በአንድ ዓይነት መንገድ እናስረዳለን» የሚል መልስ ይሻላል። መልሱ እንዲህ ሲጠራ ማን መጋበዝ እንዳለበት ራሱ ይናገራል።

ከዚያ አዘጋጅ ኮሚቴውን አቋቁሙ። ጉባኤው ስለ አንድ ወገን የሚነጋገር ከሆነ የዚያ ወገን ሰዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ በኮሚቴው ይኑሩ፤ ድምፅም ይስጡ። ሁሉ ካለቀ በኋላ «አስተያየታችሁን እንፈልጋለን» ብሎ መጥራት ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሰባት አባላት ካላችሁ ሁሉም የአንድ ከተማ፣ የአንድ ዕድሜ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። ከቂርያት ማላኺ ወይም ከአፉላ የሚመጣ ሰው በቴል አቪቭ የሚኖር ሰው የማያየውን ያያል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እናንተ መቶ ጊዜ ወጥታችሁ ያላስተዋላችሁትን ደረጃ ያሳያችኋል።

2. ቀን አቆራረጥ

ቀን ሳትቆርጡ የዕብራይስጡን፣ የኢትዮጵያን፣ የእስልምናንና የአውሮፓን የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ዘርጉ።

ዓርብ ጠዋት ለአዳራሽ ይመቻል፤ ለእናቶች ግን የሰንበት መዘጋጃ ነው። በክረምት ደግሞ ሰንበት የሚገባው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ከሩቅ የመጣ ሰው ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥቶ መሄድ ይኖርበታል። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የሕዝብ ማመላለሻ ዓርብ ከቀትር በኋላ እንደሚቆምም አትርሱ።

ስግድ ሔሽቫን 29 ይውላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። በዚያን ሰሞን ቄሶችና ሽማግሌዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ኢያር 28 በሱዳን መንገድ የቀሩ ወገኖቻችን የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሄርጽል ተራራ ይወጣል። በዚያ ቀን ጉባኤ አይጠራም።

ጉባኤያችሁ ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከሆነ ክርስቲያንና ሙስሊም ወገኖችንም አስቡ። ገና አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ይውላል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ ይመጣልና የአምናውን ቀን ይዛችሁ አትቁጠሩ።

3. አዳራሽ፣ መንገድና ነጊሹት

በእስራኤል ለአካል ጉዳተኞች እኩል መብት የሚሰጠው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አገልግሎት እንዴት ተደራሽ መሆን እንዳለበት የሚዘረዝሩት ደንቦች በ2013 ተከትለዋል። ስለዚህ ነጊሹት ሕጋዊ ግዴታ ነው። አዳራሽ ስትከራዩ «ነጊሽ ነው ወይ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቃችሁ አትተዉት። ሂዱና በዓይናችሁ እዩ፦

• ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ አዳራሹ በር መንገዱ እንዴት ነው? ደረጃ አለው? ጥላ አለው?
• ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆነው መጸዳጃ ክፍት ነው ወይስ የወንበር ማከማቻ ሆኗል?
• ወደ መድረኩ መውጫ ራምፕ አለ? ብዙ አዳራሽ ወደ ተመልካቹ ወንበር መግቢያ አለው፤ ወደ መድረኩ ግን የለውም። አካል ጉዳተኛ ሊሰማ እንጂ ሊናገር አይመጣም ተብሎ የተሠራ ይመስላል።
• የመስሚያ መሣሪያ ለሚጠቀሙ ሰዎች የድምፅ ማስተላለፊያ ሥርዓት አለ? ካለ ይሠራል?
• ለምታጠባ እናት፣ ለጸሎት፣ ለደከመው አዛውንት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አለ?

እንደ ሬዲዮ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። «ድምፄ ትልቅ ነው፣ ማይክ አያስፈልገኝም» የሚል ተናጋሪ ሁልጊዜ አይጠፋም። የመስሚያ መሣሪያው ድምፁን የሚያገኘው ከማይክሮፎኑ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራው አስተርጓሚም እንዲሁ። ያለ ማይክ የተናገረ ሰው ለእነዚህ ሰዎች አልተናገረም። ከተቀመጠበት ለሚጠይቅ ሰውም ማይክ ይድረሰው።

የምዝገባ ቅጹ ላይ «አካል ጉዳተኛ ነዎት?» አትበሉ። «በጉባኤው በሚገባ ለመሳተፍ ምን እንዲዘጋጅልዎ ይፈልጋሉ?» በሉ። ጥያቄው የምልክት ቋንቋ ለሚፈልገውም፣ ሕፃን ይዛ ለምትመጣውም ይሆናል። ቅጹን መሙላት ለማይችል ሰው ስልክ ቁጥር ይኑር፤ ስልኩን የሚያነሣውም አማርኛ የሚናገር ሰው ይሁን። በዘመቻ ሰሎሞን በሜይ 1991 በ30 ዓመታቸው የመጡ ሰዎች ዛሬ ከ60 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ በገጠር ያደጉና ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኙ ናቸው። በኢንተርኔት ብቻ የሚመዘግብ ጉባኤ እነሱን ከበሩ መልሷቸዋል።

4. ቋንቋ

የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲያመቻቹ አዟል። ለታካሚ የተገባው ነገር ስለ ታካሚ ለሚደረግ ጉባኤም ይገባል።

በየቃሉ እየተከተለ በአንድ ጊዜ የሚያስተረጉም ሰው ሥራው ከባድ ነው። በዓለም ላይ ያለው የሙያው ልማድ ሁለት አስተርጓሚዎች አብረው ተቀምጠው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው መቀያየር ነው። አንድ ሰው ለቀኑ ሙሉ መቅጠር ገንዘብ የቆጠበ ይመስላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የከፈላችሁት ለዝምታ ነው። ከሠራተኞቻችሁ አማርኛ የሚችለውን «አንተ እግረ መንገድህን አስተርጉም» ማለትም አይገባም። እሱም ተሳታፊ ነው፤ ሊሰማና ሊናገር መጥቷል።

ለአስተርጓሚዎቹ የተናጋሪዎቹን ጽሑፍ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ስጡ። ከባድ ቃላትን አስቀድማችሁ አብራችሁ ተስማሙባቸው። ለምሳሌ በዕብራይስጥ «ዲካኦን» የሚባለውን ሕመም ዛሬ በኢትዮጵያ «ድባቴ» ይሉታል። ብዙ አዛውንቶቻችን ግን ይህን ቃል ላይሰሙት ይችላሉ። «ሐዘኑ አልለቅ ያለው፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው» ብሎ ማስረዳት ይሻላል። እንዲህ ያለውን ቃል አስተርጓሚው በዚያች ቅጽበት ይፈልስፍ ማለት ስሕተት መጋበዝ ነው። ከማኅበረሰባችን ከፊሉ በትግርኛ እንደሚያወራም አትርሱ፤ ማን እንደሚመጣ ሳታውቁ «አማርኛ ይበቃል» አትበሉ።

አሁን የምላችሁን ደግሞ ሞክሩት። ቢያንስ አንዱን ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ምሩትና የጆሮ ማዳመጫውን ለዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ስጡ። ዶክተሩና የክፍል ኃላፊዋ ጆሯቸው ላይ አድርገው ለአንድ ሰዓት በትርጉም ሲሰሙ፣ ታካሚያቸው በየቀጠሮው የሚያልፍበትን በዚያች ሰዓት ይረዱታል። ሽማግሌው ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሩ ሌላ ሰው ናቸው፤ ቀልድ ያውቃሉ፣ ምሳሌ ያመጣሉ፣ ይከራከራሉ።

5. ማን ይናገራል? ማንስ ይከፈለዋል?

የተናጋሪዎቹን ዝርዝር ስትጨርሱ ሁለት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ ሴቶች፣ ወጣቶችና ከዳር ከተሞች የመጡ ሰዎች እንዳሉበት እዩ። ሁለተኛ በምን ሚና እንዳሉ እዩ። ሐኪሟ «ጥናት አቅራቢ» ተብላ፣ ለ20 ዓመት አገናኝ ሆና የሠራችው ደግሞ «የሕይወት ልምዷን ታካፍላለች» ከተባለ፣ የሁለተኛዋ እውቀት እንደ እውቀት አልተቆጠረም ማለት ነው።

ክፍያም እንዲሁ። ለፕሮፌሰሩ የተናጋሪ ክፍያ ካለ ለእናቲቱም ይኑር። ቡና የሚያፈሉት እናት፣ እንጀራ የሚጋግሩት እናት፣ ለጌጥ የተጠሩት የባህል ዘፋኞች «ለማኅበረሰባቸው ነው» እየተባሉ በነጻ ሲሠሩ፣ የድምፅ ባለሙያው ደረሰኝ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ይህ አያምርም። ለማንም መክፈል ካልቻላችሁ ለሁሉም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቢያንስ የመጓጓዣውን ቻሉ።

የመድረክ መሪ ደግሞ ሰዓትንና አክብሮትን አብሮ መያዝ አለበት። ሽማግሌ ሲናገር በምርቃት ይጀምራል፤ ያንን ከሰዓቱ ላይ አትቁረጡ። መርሐ ግብሩ ላይ ቦታ ስጡትና ከጉባኤው በፊት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስለ ሰዓቱ ተነጋገሩ። መድረክ ላይ «ሰዓት አልቋል» ብሎ ማቋረጥ ያኔ አያስፈልግም።

ጥያቄና መልስ ላይ ወጣቶችና ብዙ ሴቶች ከታላላቆች ቀድመው መናገር ይከብዳቸዋል። ከ5 እስከ 6 ሰው ሆነው ለ10 ደቂቃ በየጠረጴዛው እንዲነጋገሩ አድርጉ፤ ከዚያ ከየጠረጴዛው አንድ ሰው ይናገር። ከክፍል የተማርኩት አንድ ዘዴም አለ። ጠይቃችሁ እስከ አሥር በልባችሁ ቁጠሩ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ግን ስምንት ላይ ስትደርሱ እጅ ያወጣ የማያውቅ ሰው እጁን ያወጣል።

6. ገንዘብ

ትርጉምንና ነጊሹትን ከበጀቱ አናት ላይ ጻፉ። መጨረሻ ላይ ከተጻፉ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዙት እነሱ ናቸው፤ የአበባ ማስቀመጫው ግን ይቀራል። የመግቢያ ክፍያ ካለ በየደረጃው አድርጉት፦ መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሙሉውን፣ ከኪሱ የሚከፍል ግማሹን፣ ተማሪና ጡረተኛ በነጻ። ማን ስንት እንደከፈለ በስም መለያ ካርዱ ላይ አይታይ።

የድጋፍ ገንዘብ እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ወይም የሕፃናት ወተት አምራች ሲረዳችሁ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዝ፦ ተናጋሪ አይመርጥም፣ ርእስ አይቀይርም፣ የተመዝጋቢዎችን ስምና ስልክ አይወስድም። ማን እንደረዳችሁም ገና በመክፈቻው ለተሳታፊው ንገሩ።

7. ክብርና ምስጢር

በሙያ ጉባኤ የሰዎች ታሪክ ይነገራል። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። «በነታንያ የምትኖር፣ ስድስት ልጆች ያሏት፣ ባሏ የሞተባት» ከተባለ ስም ባይጠራም አዳራሹ ግማሹ አውቋታል። ታሪክ የሚያቀርብ ሰው ከተማውን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ዓመቱን ይቀይር፤ ባለ ታሪኳንም አስቀድሞ ያስፈቅድ። ለዝግ ውይይት ደግሞ ከ1927 ጀምሮ በለንደን ቻታም ሃውስ የሚሠራበት ደንብ ይጠቅማል፤ የተባለውን መጠቀም ይቻላል፣ ማን እንዳለው ግን አይገለጽም።

ፎቶ ሲነሣ ፈቃድ ይጠየቅ። መነሣት የማይፈልግ ሰው በመለያ ካርዱ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ያድርግ፤ ፎቶ አንሺው ይህን ይወቅ። የ1981 የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ሰውን የሚያዋርድ ወይም የሚያሳንስ ፎቶ ማሳተምን ይከለክላል። ከሕጉ በላይ ግን፣ ሳያውቁት ተነሥተው ምስላቸው በችግር ዜና ላይ የወጣ እናቶች እንዳሉን አስቡ።

የጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ። በጉባኤው ቀን አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት፣ ይመደቡ። ስማቸውና ስልካቸው በመግቢያውና በመጸዳጃ ቤቱ በር በአማርኛና በዕብራይስጥ ይለጠፍ።

8. ምግብ፣ ቡናና ቆሻሻ

የካሽሩት ምስክር ወረቀት ያለው አዳራሽ አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ምግብ አያስገባም። እንጀራ ልታመጡ ካሰባችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ በጉባኤው ጠዋት በር ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል። ጾም ላለበት፣ ሥጋ ለማይበላ፣ ስኳር ለተከለከለ የሚሆን ምግብ ይኑር፤ በየሣህኑ ላይም ምን እንዳለበት ይጻፍ።

እስራኤል በነጠላ መጠቀሚያ ፕላስቲክ ላይ በኖቬምበር 2021 ግብር ጥላ በ2023 አንስታዋለች። ግብሩ ቢነሣም ቆሻሻው አልተነሣም። 100 ሰው በቀን 3 ጊዜ ቢጠጣ 300 ኩባያ ነው። የሚታጠብ ኩባያ ተከራዩ፤ ውኃ በማሰሮ አቅርቡ። የጠርሙስ መጠጥ ካለ ጠርሙሱን ለይታችሁ ሰብስቡ፤ የ30 አጎሮት ተመላሽ አለው። እንጀራ በትሪ ሲቀርብ የሚጣል ሣህን ይቀንሳል፤ ከትሪ መብላት ለማይፈልግ ግን ለብቻ ሣህን አዘጋጁ።

ያልተነካ ምግብ ከተረፈ፣ ለኬት እስራኤልን የመሰሉ ምግብ የሚያድኑ ድርጅቶች አሉ፤ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ2018 የወጣ ሕግ ደንቡን ጠብቆ ምግብ ለሚለግስ ሰው ከተጠያቂነት ከለላ ይሰጣል። ባለ ዓርማ ቦርሳና ብዕር ማደል ተዉ። ከውጭ አገር ተናጋሪ የምታስመጡ ከሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ብክለት ከአውሮፕላኑ ነው፤ ለ20 ደቂቃ ንግግር በቪዲዮ ይበቃል።

ዕረፍቱን ግን አታሳጥሩት። ቡና ሦስት ጊዜ የሚፈላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአቦል ሰላምታ ነው፣ በቶና ወሬ ነው፣ ቁም ነገሩ በረካ ላይ ይመጣል። የ10 ደቂቃ ዕረፍት ከሰላምታ አያልፍም። ግማሽ ሰዓት ስጡ።

9. ማግስቱ

ዘላቂ ጉባኤ ማለት ከዓመት በኋላ «ምን ተሠራበት?» ሲባል መልስ ያለው ነው። ከመዝጊያው በፊት ከሦስት ያልበለጡ ውሳኔዎች ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ የሚሠራው ሰው ስምና ቀን ይጻፍ። በአንድ ወር ውስጥ አጭር ማጠቃለያ በአማርኛና በዕብራይስጥ ላኩ፤ ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ ቅዱት። ላልመጡትም ደውሉና ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። ከመጡት አስተያየት ይልቅ ከቀሩት መልስ ብዙ ትማራላችሁ።

የጊዜ ሰሌዳ ባጭሩ

• ከ6 ወር በፊት፦ ዓላማ፣ ኮሚቴ፣ ቀን፣ በጀት (ትርጉምና ነጊሹት ከላይ)።
• ከ4 ወር በፊት፦ አዳራሹን በአካል ማየት፣ ውል፣ ተናጋሪዎችና ክፍያቸው።
• ከ2 ወር በፊት፦ ምዝገባ በስልክም በቅጽም፤ ሁለት አስተርጓሚዎች፤ የምልክት ቋንቋ ከተጠየቀ።
• ከ2 ሳምንት በፊት፦ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የፎቶ ፈቃድ፣ አቤቱታ ተቀባዮች።
• ከ1 ሳምንት በፊት፦ ጽሑፎች ለአስተርጓሚዎች፤ ከሽማግሌዎች ጋር ስለ ሰዓት መነጋገር።
• በዕለቱ ጠዋት፦ ማይክና የጆሮ ማዳመጫ መሞከር፤ የኋላው ረድፍ ላይ ተቀምጦ መስማት።
• በ1 ወር ውስጥ፦ ማጠቃለያ፣ ለቀሩት ስልክ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልቻላችሁ ከትርጉሙ ጀምሩ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው ስለ ማን እየተወራ እንደሆነ ሰው መጠየቅ እንዳይኖርበት።